ውፍረትን ለመቀነስ አስቀድሞ አሳብን ማስተካከል

(በራዲዮ ከተሰጠ የጤና ንግግር የተወሰደ)



አንድ ሰው ከረዥም ጊዜ በኋላ ከወዳጁ ጋራ ሲገናኝ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ «ወፈር ብለሃል፤ ተመችቶሃል ማለት ነው» ሲባል መስማት በአገራችን የተለመደ ነው። ይህ ቃል የሚነገረው ለምስጋና እንጂ ለነቀፌታ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ከሳ ያለ ሰው ያየን እንደ ሆነ፣ «ምን ነካህ? ታመህ ነበር ወይ?» ብለን በሐዘኔታ እንጠይቃለን። አነጋገሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ረኀብና ወረርሽኝ ደጋግመው በጐበኙት አገር ውስጥ የሰውነት መፋፋት የጥጋብና የጤና ምልክት ሆኖ መቈጠሩ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚውለው የከተማ ሠራተኛ ይህ ምልክት ትርጉሙን ለውጧል። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ክብደቱን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ከምግቡ አስቀድሞ አሳቡንና ልማዱን እንዴት ሊያስተካክል እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ጕዳዩ የመልክና የቁመና ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድን ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2022 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከሚኖሩት ሰዎች ከስምንቱ አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረው። በሰውነት ውስጥ፣ በተለይም በሆድ ዙሪያ፣ ከመጠን በላይ የሚከማች ስብ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመምና ለልዩ ልዩ የካንሰር ዐይነቶች በር ይከፍታል፤ ጉልበትንም አላግባብ ያደክማል። ከእነዚህ በሽታዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይም የደም ግፊት፣ ለብዙ ዓመታት ምንም ሕመም ሳያሰሙ ሊቈዩ ይችላሉ። ሰውየው ደኅና ነኝ እያለ ሥራውን ሲሠራ ቈይቶ፣ ልጆቹን ገና አስተምሮ ሳይጨርስ፣ ድንገት ይወድቃል። እንግዲህ ነገሩ የአንድ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ጕዳይ ጭምር መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

በወንበር ላይ መዋል ምን ያህል እንደሚጎዳ ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ ያሳየው በሎንዶን ከተማ የተደረገ ምርመራ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉት የእንግሊዝ አገር ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ በመሆን የከተማይቱን የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች መረመሩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቈራጩ ግን በአውቶቡሱ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ ተሽከርካሪ፣ የሚኖሩትም በአንድ ከተማ ነው። በ1953 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳመለከተው የልብ ሕመም በትኬት ቈራጮቹ ላይ ከሾፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በፖስታ ቤት ሠራተኞችም ዘንድ እንዲሁ በእግርና በቢስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት ከጠረጴዛ ሠራተኞቹ የተሻሉ ሆነው ታዩ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ተመራማሪዎቹ የደንብ ልብሱን ልክ ቢያመሳክሩ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ መሆኑን አገኙ። ከዚህ የምንረዳው፣ የጽሕፈት ቤት ሥራ ክቡር ቢሆንም፣ ለሰውነት ግን ዕዳ ያለበት ሥራ መሆኑን ነው።

አንድ ሰው ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ ቀላል ነው። ክብደቱን በኪሎ ለክቶ፣ ቁመቱን በሜትር ካወቀ በኋላ፣ ቁመቱን በራሱ አባዝቶ ክብደቱን በተገኘው ያካፍላል። ውጤቱ ከ25 በላይ ሲሆን ክብደቱ ከሚገባው አልፏል፤ 30 ሲደርስ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ክብደቱ 72 ኪሎ ሲያልፍ የመጀመሪያውን፣ ወደ 87 ኪሎ ሲደርስ የሁለተኛውን ድንበር ይሻገራል። የወገብ ልክም ጥሩ ምስክር ነው። በወንድ ከ94፣ በሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ ለጤና ማሰብ የሚገባ ይሆናል።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። ለነገሩ ማስረጃ እንዲሆነን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በአሳባችን እንፍጠርና «አቶ እገሌ» እንበላቸው። ዕድሜያቸው 45፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ70፣ ክብደታቸው 90 ኪሎ ነው። የቢሯቸውን ደረጃ ሲወጡ መተንፈስ ይቸግራቸዋል። ሐኪማቸው የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት እንደ ጀመረ ነገሯቸው። አቶ እገሌ ደነገጡ፤ በዚያው ቀን ዘመቻ ዐወጁ። ቍርስና እራት ተዉ፤ ጧት ጧት ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውሃ ይጠጣሉ፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጥቂት ጎመን ይቀምሳሉ። በሦስት ሳምንት 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ባልደረቦቻቸውም አደነቁ። ነገር ግን በቢሮ ቍጡ ሆኑ፤ ሌሊት እንቅልፍ አጡ፤ አሳባቸው ሁሉ በምግብ ላይ ዋለ። ከዚያ የዘመድ ሠርግ መጣ። አንድ ቀን በሉ፤ በማግሥቱም «ከፈረሰ ወዲያ ምን ይጠቅማል» ብለው ደገሙ። በሦስተኛው ወር ሚዛን ላይ ቢወጡ 92 ኪሎ ሆነው ተገኙ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው በእርሳቸው ላይ ደረሰ።

አቶ እገሌ ራሳቸውን ልበ ደካማ ነኝ ብለው ወቀሱ። ወቀሳው ግን ፍትሕ የጐደለው ነበር። የሰው አካል ረኀብ የመጣበት በመሰለው ጊዜ ራሱን ለመከላከል የተሠራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944ና በ1945 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉት ሊቅ ፈቃደኞች በሆኑ 36 ጤናማ ወጣቶች ላይ ምርመራ አድርገው ነበር። ወጣቶቹ ስድስት ወር ያህል በጣም ባነሰ ምግብ ኖሩ፤ ከክብደታቸውም ሩቡን ያህል አጡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአካላቸው ይልቅ አሳባቸው ተለወጠ። ጨዋታቸው ሁሉ የምግብ ሆነ፤ ደስታ ራቃቸው፤ ከሰው ተለዩ። ምግብ እንደ ልብ በተፈቀደላቸውም ጊዜ ብዙዎቹ እየበሉ አልጠግብ አሉ።

ከዚህም ጋራ በ2016 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት አለ። በቴሌቪዥን ውድድር ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ከከሱት አሜሪካውያን መካከል 14ቱን ከ6 ዓመት በኋላ ቢመረምሯቸው፣ አብዛኞቹ ካጡት ክብደት ብዙውን መልሰው አግኝተውት ነበር። ሰውነታቸው ግን ያን ያህል ዓመት ቈይቶም ከሚጠበቀው ያነሰ ኀይል ብቻ ያቃጥል ነበር። ስለዚህ በረኀብ የሚደረግ ዘመቻ ሰውየውን ከገዛ አካሉ ጋራ ያዋጋዋል። በዚህ ውጊያ አካል ታጋሽ ነው፤ ሰውየው ግን ይደክመዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ተስፋ መቍረጥ አይደለም፤ መንገዱን መለወጥ ነው።

የመንገዱ መጀመሪያ አሳብ ነው ብለናል። አሳብም በሦስት ነገሮች ላይ መቆም አለበት።

አንደኛው ዓላማ ነው። «ለሠርጉ ልብሱ ይግባልኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ሠርጉ ሲያልፍ ምክንያቱም አብሮ ያልፋል። «ልጄን ለቁም ነገር እስካበቃ በጤና ልቈይ፤ ደረጃ ስወጣ አላለክልክ» ብሎ የጀመረ ግን ምክንያቱ በየቀኑ አብሮት ይነሣል።

ሁለተኛው ልክን ማወቅ ነው። ብዙ ሰው በወጣትነቱ የነበረውን ወገብ ካላገኘ ጥረቱ ሁሉ ከንቱ የሆነ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ የስኳር በሽታ ሊይዛቸው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች የተካፈሉበት ታላቅ ምርመራ በ2002 ዓ.ም. ታትሟል። ለአንደኛው ክፍል የተሰጠው ግብ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ይህን ካደረጉት መካከል በበሽታው የተያዙት ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ይልቅ በ58 በመቶ ያነሱ ሆኑ። መድኀኒት የተሰጣቸው ሌሎቹ የቀነሱት በ31 በመቶ ነው። ለ90 ኪሎው ሰው 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ ከጥቂት ግራም ነው። አቶ እገሌ በዘመቻቸው ቀንሰውት የነበረው ይህንኑ ያህል ነበር! ያቃታቸው መቀነሱ አልነበረም፤ የቀነሱትን መጠበቅ ነው። እንግዲህ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ብቻ እየቀነሱ ያን ስድስት ኪሎ ይዞ መቈየት፣ ሃያ ኪሎ ጥሎ መልሶ ከመሸከም እጅግ ይበልጣል።

ሦስተኛው ለራስ ምሕረት ማድረግ ነው። አንድ ቀን ከልክ በላይ የበላ ሰው ሁሉንም ነገር አፈረስሁ ብሎ ማሰብ የለበትም። አንድ ፋይል የተሳሳተበት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል እንጂ መዝገብ ቤቱን በሙሉ አይበትነውም። ጥፋቱ የሚበዛው በተበላው ምግብ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚመጣው ተስፋ መቍረጥ ነው።

አሳብ ከተስተካከለ በኋላ ልማድ ይከተላል። ልማድ ማለት ሰው ሳያስበውና ሳይታገል የሚያደርገው ነገር ነው። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ96 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ አንድ አዲስ ነገር ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን እንደሚፈጅ አሳይቷል። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቅቶታል፤ ለሌላው 254 ቀን ያህል ያሻዋል ተብሎ ተገምቷል። ደግሞም አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላበላሸው ታውቋል። የተመራማሪዎቹ ዘዴ ቀላል ነበር፤ አዲሱን ነገር አስቀድሞ በየቀኑ ከሚደረግ ነገር ጋራ ማያያዝ ነው። «ወደ ፊት እሄዳለሁ» ማለት ልማድ አያመጣም፤ «ምሳዬን በልቼ እጄን እንደ ታጠብሁ ሩብ ሰዓት እሄዳለሁ» ማለት ግን ያመጣል።

ይህን መሠረት አድርገን በአንድ የቢሮ ሠራተኛ ቀን ውስጥ ሊለወጡ የሚችሉትን ጥቂት ነገሮች እንመልከት።

በመጀመሪያ ስኳር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ምክር መሠረት አንድ ዐዋቂ በቀን የሚወስደው ስኳር ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ከ25 ግራም ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በቢሮ ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው፣ ቍርሱን ሳይቈጥር፣ 36 ግራም ወስዷል። ለስላሳ መጠጥ ከጨመረበት አንዱ ጠርሙስ ብቻ 30 ግራም ያህል አለው። በአንድ ቀን ስኳርን እርግፍ ማድረግ ከባድ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ግን ማንም ይችለዋል። ምላስም እንደ ማንኛውም ነገር ይለምዳል።

ሁለተኛው ዘይትና ቅቤ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ይይዛል፤ ይህም ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ካልተሄደ አያልቅም። ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ሲንቈረቈር ማንም አይለካውም። ስለዚህ በማንኪያ እየለኩ መጨመር፣ ጀሪካኑ የተከፈተበትንም ቀን በላዩ ላይ መጻፍ ጠቃሚ ነው። 5 ሊትሩ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ያወቀ ቤተ ሰብ፣ በሚመጣው ጊዜ ጥቂት ቀን እንዲጨምር ለማድረግ ይችላል፤ ለኪስም ይረዳል።

ሦስተኛው የገበታችን ሥርዐት ነው። ከአንድ ትሪ መብላት የፍቅር ምልክት ነው፤ ሊቀር አይገባም። ነገር ግን ጥቅል እንጀራ በአጠገቡ የተቀመጠለት ሰው ምን ያህል እንደ በላ አያውቅም። አስቀድሞ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማቅረብና ቀሪውን ወደ መሶቡ መመለስ፣ ጎመኑን፣ ምስሩንና ሰላጣውን ማብዛት፣ ረጋ ብሎ ማላመጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ስለ ጉርሻም ቢሆን «አንድ ያጣላል» እየተባለ ሁለተኛው መከተሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ እጅን በደረት ላይ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጠግቤአለሁ» ያለ ሰው በእውነተኛ ወዳጁ ዘንድ አይቀየምም። ባለቤቶችም እንግዳን ከልቡ እንዲበላ መጋበዝና ከጤናው በላይ እንዲበላ ማስገደድ የተለያዩ መሆናቸውን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

አራተኛው እንቅስቃሴ ነው። ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 ደቂቃ ያላነሰ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመከራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ማለት ነው። ከመውረጃው አንድ ፌርማታ ቀድሞ የሚወርድ፣ ሊፍቱን ትቶ በደረጃ የሚወጣ፣ ፋይሉን በተላላኪ ከማስመጣት ራሱ ተነሥቶ የሚያመጣ ሰው ከዚህ ብዙውን ያለ ወጪ ያገኘዋል። እውነቱን ለመናገር እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም፤ የተቀነሰው እንዳይመለስ ግን ብርቱ ጠባቂ ነው።

ከእነዚህም ጋራ እንቅልፍ አይዘንጋ። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው በማግሥቱ ረኀቡ ይበረታል፤ ጣፋጭና ቅባት ያለበትንም ይመኛል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን ተመዝኖ ቍጥሩን መጻፍም ጠቃሚ ነው። ቍጥሩ ግን ለመረጃ እንጂ ለፍርድ መሆን የለበትም።

ስለ ጾምም ጥቂት እንበል። ጾም በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ወገናችን ዘንድ የነፍስ ሥርዐት ነው፤ የክብደት መቀነሻ ዘዴ አድርጎ መቍጠር ትርጉሙን ማዛባት ነው። ሆኖም ስለ ሰውነት ካነሣን፣ ቀኑን ጾሞ ማታ በዘይት የራሰ ሽሮና ዳቦ፣ ወይም በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ጣፋጭ አብዝቶ የሚበላ ሰው ላይከሳ እንደሚችል ማወቅ ይገባል። በዓል ሲደርስም ዶሮ ወጡን መብላት ኀጢአት አይደለም። በዓል የአንድ ቀን ነው፤ ጕዳቱ የሚመጣው በዓሉ ወደ ሳምንት ሲረዝም ነው። ደመወዝ በተከፈለ ቍጥር ሥጋ ቤት ተቀምጦ ጮማውን በድራፍት ማወራረድም እንዲሁ ነው። በወር አንድ ጊዜ ሲሆን ጨዋታ ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሆን ግን ልማድ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በዙሪያችን ያሉትን ሰዎች እንመልከት። በወፍራም ሰው ላይ መቀለድ እርሱን አይረዳውም፤ ያፈረ ሰው ተሸሽጎ ይበላል እንጂ አይተውም። ውፍረት በዘር፣ በአንዳንድ በሽታዎችና በአንዳንድ መድኀኒቶች ምክንያትም ስለሚመጣ በማንም ላይ በስንፍና መፍረድ አይገባም። በስኳር ወይም በደም ግፊት መድኀኒት ላይ ያለ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሐኪም ሳያማክሩ ምግብ መቀነስ የለባቸውም። ወፍራም ሳይሆን ወፍሬአለሁ በሚል ፍርሀት ምግብ የሚተው ወይም የበላውን የሚያስመልስ ሰው ካለ ደግሞ ይህ ራሱ ብርቱ ሕመም ነውና በቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ረኀብን የሚቀንሱ አዳዲስ የመርፌ መድኀኒቶች በቅርብ ዓመታት መጥተዋል፤ ለሚገባቸው ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ይጠቅማሉ። ነገር ግን መድኀኒቱ ሲቋረጥ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ስለሚመለስ ልማድን መለወጥ አሁንም አይቀርም።

በመጨረሻ ወደ አቶ እገሌ እንመለስ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ዘመቻ አላወጁም። በመጀመሪያው ወር የለወጡት የሻያቸውን ስኳርና የምሳ በኋላ መንገዳቸውን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ወር ባለቤታቸው ዘይቱን በማንኪያ መለካት ጀመሩ፤ ቤተ ሰቡም በሙሉ አብሮ ለመደ። ሠርግ በመጣ ጊዜ ሄደው በሉ፤ በማግሥቱ ግን እንደ ወትሮው መንገዳቸውን ሄዱ። በስምንተኛው ወር 84 ኪሎ ሆኑ። ወፍራሞች ናቸው ቢባል አሁንም እውነት ነው፤ የቢሯቸውን ደረጃ ግን ሳያርፉ ይወጣሉ። ይህ በምሳሌ የተነገረ ቢሆንም ለማንም የማይቻል አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ስለ ትዕግሥት የተናገሩት ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ፣ አድማጮቻችን፣ ነገ ጧት ሻይ ስትጠጡ ማንኪያውን ጥቂት ጐደል አድርጋችሁ ጀምሩ። ወዳጃችሁንም ስታገኙት «ወፈርህ» ወይም «ከሳህ» ከማለት ይልቅ «ጤናህ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።